የወደቀ መንግሥት ተመልሶ የሚነሣው መቼ ነው?
ከቴሲፎን እስከ ወይና ደጋ

ባለፈው ሰሞን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ጥንታዊት ፋርስ አወዳደቅ ስንማማር አንድ ሠልጣኝ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ፋርሶቹ ዐረቦች ካሸነፏቸው በኋላ የድሮ ሃይማኖታቸውንና መንግሥታቸውን መመለስ ያቃታቸው ለምንድን ነው? እኛ ከግራኝ በኋላ ተመልሰን የለም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። መልስ ሳይሰጠው ከኋላ ወንበር አንዲት ሠልጣኝ፣ «እኛ ማለት እነማን ነን?» አለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። ወዲያው ሰዓቱ ደረሰና ተበተንን፤ ጥቂቶቹ ግን እስከ ጦር ኃይሎች አደባባይ ድረስ እየተከራከሩ መሄዳቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የመምህርነት ጥያቄ ነው። ነገ እዚሁ ኮልፌም ብትመደቡ፣ ወሎም ብትመደቡ፣ ሐረርጌም ብትመደቡ በአንድ ዴስክ ላይ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ነገሩን በአሥር ደቂቃ ወሬ ከማለፍ በጽሑፍ ማቅረቡ ይሻላል ብዬ ይህችን አዘጋጀሁ። የአገራችንን ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የፋርሱን ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የፋርስ ነገር

ከእስልምና በፊት ፋርስን ይገዙ የነበሩት ሳሳናውያን የሚባሉት ነገሥታት ናቸው። ሥርወ መንግሥታቸው በ224 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ከ4 መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። የመንግሥቱ ሃይማኖት ዞራስተር የተባለው ጥንታዊ ነቢይ ያስተማረው ነበር። በእኛ አገር መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «እሳት አምላኪዎች» ተብለው ይጠራሉ። ይህ ልክ አይደለም። የሚያመልኩት አሁራ ማዝዳ የሚሉትን ፈጣሪ ነው፤ እሳት የብርሃንና የንጽሕና ምልክታቸው ነው እንጂ አምላካቸው አይደለም። እንዲህ ያለውን አጠራር ክፍል ውስጥ ስትሰሙ እዚያው አርሙት።

ዐረቦች በመጡበት ጊዜ ፋርስ ከውስጥ የተቦረቦረ ዛፍ ነበረች። ከ602 እስከ 628 ድረስ ከቢዛንታይን ጋር ስትዋጋ ኖራ ሰውም ገንዘብም ጨርሳለች። ከ628 እስከ 632 ባሉት 4 ዓመታት ብቻ ከ8 የማያንሱ ነገሥታትና ንግሥታት ዙፋኑን ተፈራርቀውበታል። በመጨረሻ የነገሠው 3ኛው ያዝደገርድ ገና ልጅ ነበር። በ636 ገደማ ቃዲሲያ ላይ ጦሩ ተሸነፈ፤ በ637 ዋና ከተማው ቴሲፎን ተያዘ፤ በ642 ነሃዋንድ ላይ የመጨረሻው ትልቅ ጦር ፈረሰ።

ንጉሡ ቴሲፎንን ለቆ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ14 ዓመት ያህል ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖረ። የየአገሩ ባላባት «እንኳን ደኅና መጣህ» ከማለት ይልቅ «ግብር ሊጠይቀኝ ነው፣ ጠላት ሊያመጣብኝ ነው» እያለ ፊቱን አዞረበት። በ651 በምሥራቅ ጠረፍ፣ መርቭ አጠገብ ተገደለ። እንደሚተረከው የገደለው በወፍጮ ቤቱ ያስጠለለው ባለ ወፍጮ ነው። 14 ዓመት የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ልጁ ፔሮዝ ወደ ቻይና ሸሸ። የታንግ ነገሥታት ተቀብለው ሹመትና ማዕረግ ሰጡት። በ679 የፔሮዝን ልጅ ናርሴን ወደ አባቶቹ አገር ይመልሳል የተባለ የቻይና ጦር ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን የጦሩ አዛዥ በመንገድ ላይ ዋና ጉዳዩ የነበሩትን ቱርኮች ከያዘ በኋላ ናርሴን ትቶት ወደ አገሩ ተመለሰ። ናርሴ በዚያ ጠረፍ ለ20 ዓመት ያህል ሲታገል ቆይቶ ቻይና ገብቶ ሞተ። መቼም የባዕድ ወዳጅ የሚዘምተው ለራሱ ጉዳይ ነው።

ዓመፅስ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ። ችግሩ የዘገየ መሆኑ ነው። ትልልቆቹ ዓመፆች የተነሡት ንጉሡ ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። በ748 ገደማ በሃፋሪድ የሚባል ሰው በኒሻፑር አካባቢ የዞራስተርን እምነት አድሳለሁ ብሎ ተነሣ። እሱን ከሰው ያስገደሉት ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም፤ የድሮው ሃይማኖት ካህናት ራሳቸው «ሃይማኖታችንን አበላሸብን» ብለው ለጦር አበጋዙ ለአቡ ሙስሊም አመልክተውበታል! በ755 ሱንባድ ተነሣ፤ ሦስት ወር እንኳ አልቆየም። ባባክ የተባለው ከ816 እስከ 837 ድረስ በአዘርባጃን ተራሮች መሽጎ ትልልቅ የኸሊፋ ጦሮችን መልሷል። ነገር ግን የባባክም እምነት ከዚህም ከዚያም የተቀላቀለ እንጂ ካህናቱ የሚያውቁት የድሮው እምነት አልነበረም። በ930ዎቹ ደግሞ ማርዳዊጅ የተባለ የካስፒያን ዳርቻ የጦር አለቃ ቴሲፎንን እንደ ገና እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ኢስፋሃን ላይ የድሮውን የእሳት በዓል በታላቅ ድግስ አከበረ፤ ብዙ ሳይቆይ በ935 በራሱ ቱርክ ወታደሮች እጅ ገላውን ሲታጠብ ተገደለ።

በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ አልፎበታል። ሪቻርድ ቡሊየት የተባለ የታሪክ ምሁር የቤተሰብ ስሞችን ትውልድ በትውልድ እያጠና በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የኢራን ከተሜ በአብዛኛው የሰለመው በ9ኛው መቶ ዓመት ነው። ማርዳዊጅ ድግሱን ሲደግስ ታዳሚው የሙስሊም የልጅ ልጅ ነበር። ሥልጣን ለፋርሶች አልተመለሰም ማለት ግን አይደለም። ሳማናውያንና ቡያውያን ፋርስኛ ተናጋሪ ገዥዎች ነበሩ፤ ከቡያውያን መካከል «ሻሃንሻህ» የሚለውን የድሮ ማዕረግ መልሰው የያዙ አሉ። ፍርዶውሲም በ1010 ገደማ የጥንት ነገሥታቱን ታሪክ በግጥም ጽፎ ጨረሰ። ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው። መንግሥቱ ተመለሰ፤ ሃይማኖቱ አልተመለሰም።

ወደ አገራችን ስንመጣ

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በደገኛው ዘንድ ግራ እጁን ስለሚጠቀም ግራኝ የተባለው፣ የተወለደው ሐረር አጠገብ ሁበት በሚባል አገር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። ጦሩም በአብዛኛው ከሐርላ፣ ከሶማሌና ከሌሎችም የዚሁ አገር ሰዎች የተውጣጣ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙ ዐፄዎች በይፋት፣ በደዋሮ፣ በባሌ፣ በሐድያና በአዳል ላይ እየዘመቱ ማስገበራቸውን፣ አማቱ ማሕፉዝ በ1509 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ጦር መገደሉን ሳንናገር የኢማሙን ዘመቻ ብቻ ብናስተምር ጦርነቱን ከግማሹ መጀመራችን ነው። ልጆችም ይህን ያውቁብናል።

በመጋቢት 1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግል ጦር ተመታ። የሚገርመው ግን ኢማሙ ያኔውኑ አገሩን መያዝ አልቻለም። ወታደሩ ምርኮውን ይዞ ወደ አገሩ ልመለስ አለ። የዘመቻውን ታሪክ በዐረብኛ የጻፈው፣ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው ጸሐፊ ይህን አልደበቀም። ኢማሙ ጦሩን አደራጅቶ ተመልሶ የመጣው በ1523 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት አንጾኪያ ላይ ድል አደረገ፣ በክረምቱም ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ሸዋ፣ አምሐራ፣ ላስታ፣ ትግራይ፣ በጌምድር እያለ አብዛኛውን አገር ያዘ፤ የየአውራጃው ሹመትም ለሰዎቹ ተሰጠ። ከመሳፍንቱና ከሕዝቡ መካከል እጅግ ብዙ ሰው፣ አንዳንዱ ወዶ አንዳንዱ ሰይፍ ፈርቶ፣ ሰለመ።

ዐፄ ልብነ ድንግል እንደ ያዝደገርድ ተንከራታች ሆነ። ከአምባ አምባ፣ ከበረሃ በረሃ እየሸሸ ከ10 ዓመት በላይ ኖረ። በ1531 ዓ.ም. ልጁ ሚናስ ተማረከ። ቀጥሎም የነገሥታቱ ልጆችና የዘመናት ሀብት የሚጠበቅበት አምባ ግሼን ተደፈረ። በ1532 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ በደብረ ዳሞ ሞተ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ታሪኮች መንትያ ይመስላሉ። ያዝደገርድን ግን ባለ ወፍጮ ገደለው፤ ልብነ ድንግል በገመድ በሚወጣ ገዳም መነኮሳት ከብበውት በአልጋው ላይ ሞተ። በእኔ አስተያየት የልዩነቱ ጭራ የሚያዘው ከዚህ ላይ ነው።

ለምን ሆነላቸው?

ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ፖርቱጋሎች ረዱን» ብሎ ያልፋል። ረድተዋል፤ አይካድም። በ1533 ዓ.ም. ክረምት በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 የሚሆኑ ጠመንጃ የያዙ ፖርቱጋሎች ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ተቀበላቸው፤ ንግሥት ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርዳ ተቀላቀለቻቸው። ይሁን እንጂ ኢማሙም ዝም አላለም፤ ከዘቢድ የቱርክ ባለ ጠመንጃዎችና መድፍ አስመጣና በነሐሴ 1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹን ድል አድርጎ መሪያቸውን አንገቱን አስቀላው። ከ400ዎቹ የተረፉት ከግማሽ ያንሳሉ። ነገሩ የባዕድ እርዳታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ፔሮዝም ከጀርባው ቻይናን የሚያህል መንግሥት ነበረው፤ ምንም አልፈየደለትም።

ዋናው ነገር እርዳታው ሲመጣ የሚቀበለው ሰው አገር ውስጥ መገኘቱ ነው። ወጣቱ ዐፄ ገላውዴዎስ ከጥቂት ተከታዮቹ ጋር በደቡብ በኩል ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከተረፉት ጋር ለመገናኘት ወደ ሰሜን ሲወጣ የሰለሙት ባላባቶች ሳይቀሩ በየመንገዱ ይገቡለት ጀመር። ኢማሙ ደግሞ በወፍላው ድል ተማምኖ ከ200 ያህሉ በቀር ቱርኮቹን አሰናበተ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ወይና ደጋ ላይ ተጋጠሙ፤ ኢማሙ በጥይት ወደቀ፤ ጦሩም ወዲያው ተበተነ።

«ጦሩም ወዲያው ተበተነ» የምትለዋን ቃል ሳናስተውል እንዳናልፍ። ፋርስን ያስገበረው ኸሊፋ ዑመር በ644 በአንድ የፋርስ ምርኮኛ እጅ መዲና ውስጥ ተገድሏል። ታዲያ በማግሥቱ የሆነ ነገር አለ? ምንም! ዑስማን ተተካ፤ ዘመቻው ቀጠለ። ምክንያቱም ዐረቦቹ ኩፋንና ባስራን የመሰሉ የጦር ከተሞች ቆርቁረዋል፤ ወታደሩ በመዝገብ ተጽፎ ደመወዝ ይቀበላል፤ ዲህቃን የሚባሉት የፋርስ የመሬት ባላባቶችም በቦታቸው ሆነው ግብር እየሰበሰቡ ያስገቡላቸዋል። ያ ሥርዓት አንድ ሰው ቢሞት አይፈርስም። የኢማም አሕመድ ግዛት ግን በአንድ ሰው ብርታት የቆመ ነበር። ለምን ቢባል ሥርዓት ለመትከል ጊዜ አላገኘም። ይህን ስል ጦረኛ እንጂ አስተዳዳሪ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ 12 ዓመት ለማስተዳደር ቀርቶ ለመዋጋትም አይበቃም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ከሽምብራ ኩሬ እስከ ወይና ደጋ ድረስ ስንት ዓመት ነው? 14 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ይቀሩታል። ያዝደገርድ የተንከራተተበት ዘመን ያህል መሆኑ ነው። በ1521 ዓ.ም. የ20 ዓመት ዲያቆን የነበረ ሰው በወይና ደጋ ጊዜ ገና 34 ዓመቱ ነው፤ ቅዳሴውን አልረሳም። የሰለመው ገበሬ ልጆቹ ገና ልጆች ናቸው፤ እሱ ራሱ የድሮ ደብሩ የቱ ጋ እንደ ነበረ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያንም የተመለሱትን የምትቀበልበት «መጽሐፈ ቄድር» የሚባል ሥርዓት አዘጋጅታ በጸሎትና በውሃ እያነጻች ተቀበለቻቸው። የፋርስ ዓመፀኞች ለድል የተነሡት ግን የሚመልሱት ሰው ሞቶ፣ ልጁ ሞቶ፣ የልጅ ልጁ ቁርአን ሲያስቀራ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ ከቅርብ ላምጣ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ እሱ እዚያ ሳለ ከኑባ ክርስቲያኖች መልእክተኞች መጥተው ነበር። ቀሳውስቶቻቸው አልቀውባቸዋል፤ የሚሾምላቸው ጳጳስ የለም፤ ንጉሡ ቄስና መነኩሴ እንዲልክላቸው ለመኑ። ንጉሡ ግን «የእኔም ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ነው፤ እንዴት ብዬ ልስጣችሁ?» በሚል መንፈስ መለሳቸው። የኑባ ክርስትና በጦር ብቻ አልጠፋም፤ ቄስ የሚሾም ሰው አጥቶ ነው ደርቆ የቀረው።

ይህን ከሰማን ወደ ገላውዴዎስ ዘመን እንመለስ። ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ሞተው ለዓመታት ከግብፅ ምትክ አልመጣም። ጳጳስ ከሌለ አዲስ ቄስ አይሾምም። የነበሩት ቀሳውስት በጦርነትና በዕድሜ እያለቁ ነው፤ ገዳማትና መጻሕፍት ተቃጥለዋል። እንግዲህ ኢማሙ በወይና ደጋ ባይወድቅና ተጨማሪ 30 ዓመት ቢቆይ፣ ከእሱም በኋላ ልጁ ቢተካ፣ ደጋው እንደ ኑባ አይሆንም ነበር ብሎ የሚከራከር ሠልጣኝ ካለ ይምጣና እንከራከር። በበኩሌ ይሆን ነበር ባይ ነኝ። ገደላ ገደሉና የጣና ደሴቶች ጥቂት ገዳማትን ባዳኑ ነበር፤ ግን በፋርስም በያዝድና በኪርማን በረሃ ዳር ጥቂት የእሳት መቅደሶች ተርፈዋል፤ ወደ ጉጅራት የተሰደዱትም ፓርሲ ተብለው እስከ ዛሬ በሕንድ አሉ። መትረፍና መግዛት አንድ አይደለም።

ሌላም ልዩነት አለ። የፋርስ ካህናት ከመንግሥት ጋር በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ነበሩ። መቅደሱ ርስት አለው፤ ርስቱን የሚያስከብረው ንጉሡ ነው፤ ንጉሡ ሲወድቅ ርስቱም ካህኑም አብረው ወደቁ። በበሃፋሪድ ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ያሳያል፤ ከዓመፀኛ ይልቅ ግብር ተቀብሎ የሚተዋቸውን አዲስ ገዥ መረጡ። በእኛም አገር ትልልቆቹ አድባራት ባለ ርስት ነበሩ። ሆኖም ዳባ ለብሶ ከዋሻ ዋሻ የሚዞረው መነኩሴ ርስትም ንጉሥም ሳይፈልግ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

ከእነዚህ መነኮሳት አንዱን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም የየመን ተወላጅ ነው፤ ሙስሊም ሆኖ አድጎ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ የመነኮሰ። ኢማሙ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠሉን እንዲተው «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ድርሰቱን ለራሱ ለኢማሙ ጻፈለት፤ ክርክሩንም ያቀረበው ከቁርአን እየጠቀሰ ነው። አገር ሲቃጠል በጠላቱ መጽሐፍ ጠላቱን የሚያነጋግር ሰው!

ተመለሰ የምንለውስ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጠያቂ «ተመልሰን የለም እንዴ?» ብሎ ነበር። ነገሥታቱ ወደ ዙፋን ተመልሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ተመልሳለች። የድሮው ግዛት ግን አልተመለሰም። ባሌ፣ ደዋሮ፣ ፈጠጋር፣ ይፋት የሚባሉት ለሽምብራ ኩሬ ጦር ያዋጡ አገሮች ለቀጣዮቹ ነገሥታት ወይ ስም ብቻ ሆኑ ወይ የጦር ሜዳ ሆኑ። ሁለቱ ወገኖች ተዋግተው በደከሙበት ምድር ኦሮሞው በገዳ ሥርዓቱ፣ በየ8 ዓመቱ በሚተካ የጦር ትውልዱ እየተመራ ሰፋ። መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ስለዚሁ ሲጽፍ፣ ደገኞቹ ብዙ ሆነው ሳለ ለምን ተሸነፉ ብሎ ጠይቆ፣ ከሕዝቡ ውስጥ የሚዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን ምክንያት አድርጎ ዘርዝሯል፤ ራሱን መነኩሴውን ሳይቀር ከማይዋጉት ውስጥ ቆጥሮ። ቤተ መንግሥቱም ከሸዋ ወደ ጣና ዙሪያ ሸሸ፤ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁር የመንግሥቱ እምብርት ድሮ ከነበረበት ርቆ ነበር።

የእርዳታውም ዕዳ አልቀረም። ፖርቱጋሎቹን የተከተሉት ኢየሱሳውያን ዐፄዎቹ ወደ ሮማ ሃይማኖት እንዲገቡ ግፊት ጀመሩ። ገላውዴዎስ የአባቶቹን እምነት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጽፎ መለሳቸው። ዐፄ ሱስንዮስ ግን በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበለ፤ አገሩ እርስ በርሱ ተላለቀ፤ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። በዚህ ጦርነት የሞተውን ሰው ስናስብ ዋጋው በወይና ደጋ ተከፍሎ አላለቀም።

እንግዲህ ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ በፋርስ አገሩ ለአገሬው ተመልሶ ሃይማኖቱ ቀረ፤ በእኛ ሃይማኖቱ ተመልሶ አገሩ ተቀየረ።

ስለ «እኛ»

ሁለተኛዋ ጠያቂ ትክክል ናት። በ1535 ዓ.ም. ድል ያደረጉትም ድል የሆኑትም አያቶቻችን ናቸው። ከወይና ደጋ በኋላ የሰለመው ሁሉ አልተመለሰም፤ ከዘመቻው በፊትም በይፋት፣ በደዋሮ፣ በባሌ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሕዝብ ነበረ። በደጋው የከተማውን ንግድ ይዞ የኖረው ጀበርቲ ከዚያም በኋላ በየገበያው አለ። «እኛ ተመለስን» የሚል መምህር ይህን ሁሉ ተማሪ ከታሪኩ ውጪ አቁሞ ነው የሚያስተምረው። «ክርስቲያናዊው መንግሥት ተመለሰ» ማለት ምን ይቸግራል? ቃሉ ትንሽ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ልጅቷ ግን እዚያ አላቆመችም። በሚቀጥለው ቀን ኮሪደር ላይ አግኝታኝ፣ «እሺ መምህር፣ የአዳሎቹስ? እነሱስ መመለስ አይችሉም ነበር?» አለችኝ። ይህንን በክፍል ውስጥ ማንም አልጠየቀም ነበር፤ እኔም አላሰብኩበትም ነበር።

አዳሎች ሞክረዋል። የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ፣ የማሕፉዝ ልጅ፣ ከጦር ሜዳው አምልጣ ሐረር ገባች፤ በወይና ደጋ የተማረከው ልጇ መሐመድ ከሚናስ ጋር እንዲለወጥ ያደረገችው እሷ ናት። በኋላ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች። ኑር ዛሬም የምናየውን የሐረር ጀጎል ግንብ አሠራ፤ ጦሩን መልሶ አቋቋመ፤ በመጋቢት 1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስን በጦር ሜዳ ገደለው። ከሽምብራ ኩሬ ወዲህ የአዳል ታላቁ ድል ይህ ነው። የኢማሙ ጦር ሲበተን ካየን ከ16 ዓመት በኋላ፣ ንጉሡ ሞቶ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ኑር ወደ ደጋው አልወጣም፤ ወደ ሐረር ተመለሰ።

ያላስኬደው ከኋላው የነበረው ነው። የኦሮሞ ጦር ከደቡብ በኩል የሐረርን አገር እየገፋ መጥቶ ነበር፤ ረኀብና ወረርሽኝ ተከትሎ ገባ፤ ኑርም በወረርሽኙ ሞተ። በ1568 ዓ.ም. ሱልጣን መሐመድ ኢብን ናስር የመጨረሻውን ትልቅ ዘመቻ አደረገ፤ በዋቢ ወንዝ ዳር በዐፄ ሠርጸ ድንግል ተሸነፈ። በዓመቱ የአዳል መንግሥት መቀመጫውን ከሐረር አንሥቶ ወደ አውሳ በረሃ አሻገረ። ሐረር ግን ከነግንቧ፣ ከነመስጊዶቿና ከነቋንቋዋ ቀረች።